ሦስት አስተማማኝ ምንጮች

[በዘራፍሾን ሸለቆ፣ በአንድ የመንደር ትምህርት ቤት። መምህሩ ኑስራቱሎ ወፍራም መጽሐፍ ዘርግቷል። ዘበኛው ሳንጊን ውሃ የሞላባቸው ሦስት ጠርሙሶች ታቅፎ ቆሟል። በታችኛው ሰፈር ስድስት ልጆች በተቅማጥ ተኝተዋል፤ መንስኤውን አጥንተው ለወረዳው የሚያቀርቡት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው።]

ሳንጊን፦ ሰውየው ግን እዚህ መጥቶ ያውቃል?

ኑስራቱሎ፦ የቱ ሰውዬ?

ሳንጊን፦ ይኼ "የመንደሩ ውሃ ንጹሕ ነው" ብሎ የጻፈው።

ኑስራቱሎ፦ [ሽፋኑን ገለበጠ፤ ጀርባውንም አየ] አካ ሳንጊን፣ ወንድሜ፣ ሊቅ ውሃ ለማወቅ ውሃ ዳር አይቀመጥም። ያነባል።

ሳንጊን፦ እሱ ያነበበውን የጻፈውስ?

ኑስራቱሎ፦ እሱም ያነባል።

ሳንጊን፦ እንግዲያው የጠጣ ሰው የለማ።

ኑስራቱሎ፦ ይልቅ እነዚህ ጠርሙሶች ምንድን ናቸው?

ሳንጊን፦ ያዘዙት ነዋ። "እስከ ሐሙስ ሦስት አስተማማኝ ምንጭ አምጡ" አላሉም? ልጆቹ ሁለት ቀን ሙሉ ተራራ ሲወጡ ሲወርዱ ዋሉ። እኔም በዚህ ጉልበቴ ተከተልኳቸው።

ኑስራቱሎ፦ [ግንባሩን ያዘ] የጽሑፍ ምንጭ ነው ያልኩት። የጽሑፍ።

ሳንጊን፦ ጽሑፍማ አለው። ለጥፈውበታል፤ ላይኛው፣ መካከለኛው፣ ታችኛው።

ኑስራቱሎ፦ ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬ ጠርሙስ አቀረቡልኝ።

ሳንጊን፦ አይዘኑ፣ ሙአሊም። ሁለቱ አስተማማኝ ናቸው። ይኼ የታችኛው ግን...

ኑስራቱሎ፦ ምንጭ የሚታመነው ደራሲ ሲኖረው ነው። የዚህ ደራሲው ማነው?

ሳንጊን፦ [አሰበ] የሻምሲዲን በጎች ናቸው መሰለኝ። አምና ከምንጩ በላይ በረት ሠርቷል።

ኑስራቱሎ፦ በግ ይጠቅሱልኛል እንግዲህ። እኔ ሊቅ እጠቅሳለሁ፣ እርስዎ በግ።

ሳንጊን፦ ሊቁ መቼ ነው የጻፉት?

ኑስራቱሎ፦ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት። እውነት አያረጅም።

ሳንጊን፦ በጎቹ ግን ያኔ አልነበሩም።

ኑስራቱሎ፦ [ታችኛው የሚለውን ጠርሙስ ነጥቆ ከፈተ] መጽሐፉ ንጹሕ ነው ካለ ንጹሕ ነው።

ሳንጊን፦ ኧረ ተዉ ሙአሊም፣ ይፍላ። ሻይ ላድርግልዎት...

ኑስራቱሎ፦ [ግማሹን ጨለጠው] ይኸው። ምንጭ የሚጣራው እንዲህ ነው።

ሳንጊን፦ ሳይጣራ ነው እንጂ የጠጡት።

[ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ኑስራቱሎ ቤት። ፊቱ ገርጥቶ፣ ካፖርቱን ተከናንቦ ተቀምጧል። ሳንጊን ወረቀት ይዞ ገባ።]

ኑስራቱሎ፦ ጥናቱን እኔ ሳላየው እንዳይልኩት።

ሳንጊን፦ ዳይሬክተሩ ፈርመው ልከውታል። በረቱም ነገ ይነሣል። ይኼ ግልባጩ ነው።

ኑስራቱሎ፦ በበግ ምስክርነት?

ሳንጊን፦ ኧረ በፍጹም። ልጆቹ የጠቀሱት የተማረ ሰው ነው። በገዛ ራሱ ላይ የሞከረ።

ኑስራቱሎ፦ [ቀና አለ፤ ፊቱ ላይ ትንሽ ደም ተመለሰ] እንዲህ ነው እንጂ። ለካ ሲሰሙኝ ኖሯል። ያንብቡልኝ እስቲ።

ሳንጊን፦ [በጣቱ እየተከተለ] "ምንጭ፦ ሙአሊም ኑስራቱሎ። ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የታችኛውን ውሃ ጠጡ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሆዳቸው ጮኸ። እስኪነጋ አሥራ አንድ ጊዜ ወደ ጓሮ ተመላልሰዋል፤ የቆጠሩት ባለቤታቸው ናቸው። እንቅልፍ የወሰዳቸው ሐሙስ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ነው።"