«ማሳው ነው» የሚሉት አጎቴ

ይህን ጽሑፍ ሳልጽፈው ልቀር ጥቂት ነበር የቀረኝ። በአጎት ላይ በአደባባይ መሳቅ ነውር ነው፤ በዚያ ላይ ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው ከመጽሐፍ ያነበብሁትን ብቻ ነው፤ እርሱንም ተረድቼው እንደሆነ እንጃ። ሆኖም ለችግር ሁሉ አንድ ምክንያት ያለው ሰው ያልገጠመው አንባቢ በምድር ላይ አይገኝምና፣ ፈራ ተባ እያልሁ ጀመርሁ።

የእኛ ቤት ሊቀ ሊቃውንት አጎቴ ናቸው፤ በሰፈሩ አጠራር «ጋሽ ማሳ»። እህል የሚዘራበት ማሳ እንዳይመስላችሁ (እኔ ለዓመታት መስሎኝ ነበር)፤ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ከተሽከርካሪው ብረት ጋር የሚታሰረውን፣ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ሽቦ እንዲህ ይሉታል። ሬዲዮኑ ሲያጉረመርም፣ «ማሳው ነው!» ማቀዝቀዣው ሲንቀጠቀጥ፣ «ማሳው ነው!» ጎረቤታችን ከሚስቱ ሲጣላ እንኳ አሰብ አድርገው፣ «ይሄ ሰው ማሳው አልያዘም» ብለዋል። ፈተና መውደቄን የነገርኋቸው ዕለት ደግሞ የጫማዬን የጎማ ሶል በጥርጣሬ ሲመለከቱ አይቻለሁ።

ታላቅ እህቴ በሐይቁ ላይ ሰው ልታመላልስ ያላትን ሁሉ አፍስሳ ጀልባ ገዛች። ነገ ጠዋት ሥራ ካልጀመረች በወደቡ የተያዘላት ቦታ ለሌላ ይሰጣል። ጀልባዋ ተሳቢው ላይ ተጭና መንገድ ልትጀምር ስትል የተሳቢው የኋላ መብራት አበደ፤ ፍሬን ሲረገጥ የግራው ፍሬቻ ብልጭ ድርግም ይላል፣ የቀኙ ፍሬቻ ሲበራ ሁሉም አብሮ ይፈዛል። ተሳቢውን የሚጎትተው መኪና ሹፌር ሞተሩን አጠፋ።

«እንዲህ ሆኖ አልጎትትም። ሳይመሽ ካልተሠራ ሌላ ሰው ፈልጉ።»

አጎቴ አፋቸውን ሲከፍቱ እህቴ ቀደመቻቸው። «ጋሼ፣ በእናትዎ! ዛሬ እንኳ ማሳ እንዳይሉኝ!»

ዘጉት። አምፖል ተቀየረ፤ ሶኬቱ ተነቅሎ ተሰካ፤ እኔም የመጽሐፌን ሥዕል ዘቅዝቄ ይዤ ጥቂት ሐሳብ አዋጣሁ። ፀሐይዋ ግን ማንንም አልጠበቀችም። በመጨረሻ እህቴ በተሰበረ ድምፅ፣ «እሺ ጋሼ፣ ይበሉት» አለች።

«ማሳው ነው» አሉ፣ ለስለስ ብለው፤ ወዲያው ተሳቢው ሥር ገብተው ተንጋለሉ። እውነትም የማሳው ሽቦ የታሰረው በወፍራም ሰማያዊ ቀለም ላይ ኖሯል፤ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

«የትኛው ደንቆሮ ነው ቀለም ላይ ያሰረው?» አለ ሹፌሩ።

ተሳቢውን ለእህቴ ስጦታ ብለው ቀለም የቀቡት፣ መብራቱንም መልሰው የገጠሙት አጎቴ ነበሩ። ጨዋ ቤተሰብ ነንና ሁላችንም ወደ ሰማይ አንጋጠጥን።

«ደንቆሮው እኔ ነኝ!» የሚል ድምፅ ከተሳቢው ሥር መጣ። «ይልቅ ወሬውን ትተህ ብርጭቆ ወረቀት አቀብለኝ!»

ብረቱ እስኪያብለጨልጭ ፈገፈጉት፤ ሽቦውንም አጥብቀው አሰሩት። ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ሁለቱ ቀይ መብራቶች እኩል ቦግ አሉ። እህቴ ሰማያዊ ብናኝ የለበሰውን ግንባራቸውን ሳመችና ዘልላ ጋቢና ገባች።

ዝም ቢሉ ኖሮ ማናችንም ባልተናገርን ነበር። አጎቴ ሊደመጡ ይገባቸዋል፤ ሲሳሳቱም ጭምር።