የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ

(ጂንካ፣ በደርግ ዘመን፣ ሐሙስ ጠዋት። አውሮፕላን ማረፊያው ከተማው መሐል የተንጣለለ ሣር ነው። ባለሱቁ ሸዋንግዛው አንድ ጊዜ በአውሮፕላን ስለሄደ የሰማዩን ቁልፍ ያስረከቡት ይመስለዋል። ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ሻንጣው ላይ ተቀምጧል። የማር ነጋዴው ዓባይነህ አጠገቡ ቆሟል።)

ሸዋንግዛው፦ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው እኮ የምልህ!

ዓባይነህ፦ በጭነት መኪና ግን ሦስት ቀን ነው።

ሸዋንግዛው፦ እሱን አይደል የምልህ!

ዓባይነህ፦ እኔስ እሱን አይደል የምልህ? የልጅህ የሙሉወርቅ ሰርግ አዲስ አበባ እሁድ ነው። መኪናው ሊነሣ ነው፤ ሚስትህ አሰገደች እንኳ ጋቢና ገብታለች።

ሸዋንግዛው፦ ትግባ! የወይጦ ወንዝ ሞልቶ፣ ዳር ላይ ዝንብ እሽ ስትሉ እኔ በላያችሁ አልፋለሁ።

ዓባይነህ፦ ታየናለህ?

ሸዋንግዛው፦ ከደመና በላይ ሆኜ እንዴት አያችኋለሁ?

ዓባይነህ፦ ታዲያ ወንዙ መሙላቱን በምን ታውቃለህ?

ሸዋንግዛው፦ ወይ ፈጣሪዬ! ሰማይ ላይ ዳገት የለ፣ ኬላ የለ፣ ጎማ አይፈነዳ!

ዓባይነህ፦ እኔ የማውቀው ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ነው።

ሸዋንግዛው፦ እንቁላልህ እግር እስኪያወጣ እኔ ዶሮ ወጡን በልቼ እጄን እታጠባለሁ።

ዓባይነህ፦ ሜዳው መሐል የተኛችው ቀይ ላምስ የማን ናት?

ሸዋንግዛው፦ የኔ ናት። እስክሄድ ትጋጥ ብዬ ነው።

ዓባይነህ፦ አውሮፕላኑ ሲመጣስ?

ሸዋንግዛው፦ ድምፁን ስትሰማ ትነሣለች። የኔ ላም እኮ ናት!

(ዓባይነህ ወደ ጭነት መኪናው ይሄዳል። አውሮፕላኑ ይመጣል። ሸዋንግዛው ልብሱ እንዳይቆሽሽ በሩቁ «ሂጂ!» ይላል። አውሮፕላኑ አንዴ ይዞራል፤ ሁለቴ ይዞራል። ላሚቱ ቀና ብላ ታየውና ተመልሳ ትተኛለች። አውሮፕላኑ ይሄዳል።)

ሸዋንግዛው፦ (ለላሚቱ) ግድ የለም። የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው።

(ማክሰኞ። የሜዳው ዘበኛ ላሚቱን ወስዶ አጥር ሥር አስሯታል። አውሮፕላኑ አርፎ በሩ ሲከፈት ሸዋንግዛው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይሮጣል። ከደረጃው ዓባይነህ ይወርዳል፤ ከኋላው አሰገደችና ሙሽሮቹ ገና በሩ ላይ ይታያሉ።)

ሸዋንግዛው፦ (ደንግጦ) ዓባይነህ! ከየት መጣህ?

ዓባይነህ፦ ከሰርጉ። ሙሽሮቹን ለመልስ ቤትህ ይዣቸው መጣሁ። አንተስ ወዴት ነህ?

ሸዋንግዛው፦ ወደ ሰርጉ… ሐሙስ ላሚቱ ከለከለችኝ። ቅዳሜ ዝናብ ጥሎ ሜዳው ጨቀየና አውሮፕላኑ ሳያርፍ ተመለሰ። (ድምፁ እየተሰበረ) ማን አባት ሆኖ መረቃት?

ዓባይነህ፦ እኔ።

ሸዋንግዛው፦ አለቀሰች?

ዓባይነህ፦ ትንሽ። በር በሩን ታይ ነበር።

ሸዋንግዛው፦ (ዓይኑን በከረባቱ ጠርጎ) ለመሆኑ… በረራው ስንት ፈጀ?

ዓባይነህ፦ አንድ ሰዓት ተኩል።

ሸዋንግዛው፦ (ፊቱ በርቶ) አላልኩህም?

ዓባይነህ፦ ብለኸኛል እንጂ። እኔም ሰርገኛው «አባቷ የት ቀሩ?» ባለኝ ቁጥር፣ «አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው የቀራቸው» ስል ነው የሰነበትኩት።