አጋዘኑና የኦቦ በዳሶ ሰላምታ

ሰላምታ ማለት አንድ ሰው ሌላውን ሲያገኝ ደህንነቱን የሚጠይቅበት አጭር ንግግር ነው። «አጭር» የምትለዋን ቃል ያስገባት ሰው አሰላን በአውቶቡስ መስኮት አይቶ ያለፈ መሆን አለበት። እኛ ዘንድ «ደህና ነህ?» መግቢያው ነው። ከዚያ ሚስትህ፣ ልጆችህ፣ ላሞችህ፣ ዝናቡ ይቀጥላሉ። እኔ ላጤ ነኝ፤ ከብትም የለኝም። ሆኖም ለሥራ ተመድቤ ከመጣሁ ጀምሮ ላሞቼ ስምንት ዓመት ሙሉ ደህና ናቸው።

ይህን ያነሳሁት ስለ ፎቶግራፍ ላወራህ ብዬ ነው። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ካሜራዬን አንግቼ የዱር እንስሳ ፍለጋ እወጣለሁ። አስተዋይ ሰው ለዚህ ሥራ ቁልቁል ወደ ዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ይወርዳል። እዚያ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት ሲጠብቁ ከዓሣ አጥማጆቹ እግር ሥር ተደርድረው ይቆማሉ፤ ፎቶ ለመነሳት የተሰለፉ ነው የሚመስሉት። እኔ ግን ሽቅብ፣ ወደ ጭላሎ ተራራ ጭጋግና ጭቃ።

ምክንያቱ የባዮሎጂ መምህራችን ነው። አምና የደጋ አጋዘን አየሁ፣ ወንድ፣ ቀንዱ እንዲህ የተጠማዘዘ፣ ብዬ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሳወራ ሻዩን አስቀመጠና በጣም በቁም ነገር «ጭነት ነበረው?» ሲል ጠየቀኝ። ከዚያ ወዲህ ከተራራ በተመለስኩ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። አህያና አጋዘን የማይለይ ሰው ተብዬ ጡረታ መውጣት አልፈልግም።

እንስሳ ማንሳት ዝምታ ይፈልጋል ይላሉ የሚያውቁት። ሞክሬዋለሁ። አንዴ ረግረጉ ዳር ዝይ ላይ አነጣጥሬ ሳለ ኦቦ በዳሶ ከማዶ ሰላም አሉኝ። ኦቦ በዳሶ ገብሳቸው ከደኑ ጥግ የሆነ አዛውንት ገበሬ ናቸው። ዝይዋ እንዳትበር ትንፋሼን ይዤ ዝም አልኩ። በማግስቱ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። በዳሶ ምን ቢበድልህ ነው ሰላምታ የነሳኸው፣ ንገረንና እናስታርቃችሁ አሉ። ስለ ዝይዋ አስረዳኋቸው። ተያዩ። በመጨረሻ አንደኛው፣ በዝይ ምክንያት ሰው አይኳረፍም ብለው ፈረዱና ታረቅን።

ባለፈው ነሐሴ ግን ቀን ወጣልኝ። ማለዳ ነው፤ የአስታ ቁጥቋጦ ጥግ፣ ጭቃው ላይ በሆዴ ተኝቻለሁ። ጭጋጉ ሲገለጥ አጋዘኑ ብቅ አለ። ራሱ፣ ከነቀንዱ። ሠላሳ እርምጃ አይርቅም። ጭነት የለውም። ጣቴን ማንሻው ላይ አደረግሁ።

«አሻማ፣ ባርሲሳ!»

ሰላም መምህር፣ ማለት ነው። ድምፁ የኦቦ በዳሶ ነው። ምን ታደርጋለህ? ዝም ብል ነገ ሽማግሌ ሊመጣ ነው።

«አሻማ፣ ኦቦ» አልኩ በሹክሹክታ።

«ድምፅህ ምነው? አሞሃል እንዴ? ምን ጭቃ ላይ ያንከባልልሃል?»

አጠገቤ ደረሱ። ተነሣሁ፤ አዛውንት ተኝቶ አይጨበጥም። እጄን ያዙ። ሁለቱንም።

«ላሞችህስ?»

«ደህና ናቸው፣ ኦቦ። የእርስዎስ?»

አጋዘኑ ከትከሻቸው በላይ ይታየኛል። የሚገርመው፣ አልሸሸም። ቆሞ የኦቦ በዳሶን ገብስ ይግጣል። ስለ እናቴ ጉልበት ሲጠይቁኝ፣ ስለ ከተማው ዝናብ ሲጠይቁኝ፣ ቀና እንኳ አላለም።

ሰላምታው አለቀ። እጆቼ ተለቀቁ። ቀስ ብዬ ተንበረከክሁ፣ ትንፋሼን ዋጥ አደረግሁ፣ ጸጥ አልኩ። አጋዘኑ ቀና ብሎ አየኝና ደኑ ውስጥ ገባ።

«አየህ፣ ዝም አልክበት» አሉ ኦቦ በዳሶ ከልባቸው እያዘኑልኝ። «እሱ በየማለዳው ገብሴን ሊበላ ይመጣል፣ እኔ እየጮህኩ እሰድበዋለሁ። ለምዶናል። ዝም ብሎ የሚያየው አዳኝ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ሰላም ሳልልህ?»

ከዚያ፣ ማሽኑ ከወጣ አይቀር እኔን አንሣኝ ብለው ካቦርታቸውን ቆልፈው ቀጥ አሉ። አነሣኋቸው። መስከረም ላይ ፎቶውን ለባዮሎጂ መምህሩ አሳየሁት፤ ከኋላቸው የሚታየውም አጋዘኑ የጋጠው ገብስ መሆኑን አስረዳሁ። ረጅም ጊዜ አየው። «ባለቤቱን አየሁ፣ አህያው የታለ?» አለ።

ፎቶው አሁን ኦቦ በዳሶ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጥሩ ወጥተዋል።