ማይሏ እንዳይጨምር

ዕቃ ገዝቶ የማይጠቀም ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጋሼ ታደሰን አውቃለሁ። አሜሪካ ውስጥ፣ ፌርፋክስ አካባቢ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርጉ የሚውሉ ሰው ናቸው። የራሳቸው መኪና ግን በቁጥር ጥቂት ብቻ ሆና የተሠራች፣ ስፔሻል ኤዲሽን የሚሏት ጉልበተኛ የአሜሪካ መኪና ስለሆነች፣ ጋራዥ ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሳ ነበር የምትኖረው። መኪና ይበርደዋል እንዴ?

ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ፣ «አንድ እሑድ እንኳ በእሷ ቤተ ክርስቲያን ውሰደኝ» ይሏቸው ነበር።

«ተነድታ ማይሏ ከጨመረ ዋጋዋ ይወርዳል። ትንሽ ታገሺ» ይላሉ ጋሼ።

እትዬ አልማዝ ታገሡ። ሲታመሙም ሆስፒታል የተመላለሱት በሌላዋ፣ በአሮጌዋ መኪናቸው ነው። አምና ዐረፉ። ከዚያ በኋላ ጋሼ ጋራዡን መክፈት ስላስጠላቸው መኪናዋን ለጨረታ አወጧት፤ እኔም አብሬያቸው ሄድኩ።

አጫራቹ ጋሼ የነገሩትን ይዞ፣ «ጋቢናዋ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን እስከ ዛሬ ማንም ተቀምጦ አያውቅም» ብሎ አሞገሳት። አዳራሹ አጨበጨበ። ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። መኪናዋ ካሰቡት በላይ ዋጋ አወጣች።

የገዛት ጎልማሳ መጥቶ እጃቸውን ጨበጠ። «አይስጉ፤ እኔም አልነዳትም» አላቸው።

«ሚስት አለህ?» አሉት ጋሼ።

«አለችኝ።»

«እንግዲያው ዛሬውኑ በዚች መኪና የሆነ ቦታ ውሰዳት።»

ሰውየው ቀልድ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ። ጋሼም ቁልፉን ሰጡት።