ሽማግሌ በላክሁበት ቀን ስልኬን አፕዴት አደረግሁ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ለሃያ ደቂቃ ያህል ከራሴ ሽምግልና የኮበለልኩ ሰው ነበርኩ። ስቃችሁ ስትጨርሱ ፍረዱኝ!

አሮጌ ስልኬ ላይ የዴስክቶፕ፣ ማለትም የኮምፒውተር፣ ሲስተም ጭኛለሁ። ለምን? አትጠይቁኝ፤ ሱስ ነው።

ችግሩ ድራይቨሮቹ፣ ማለትም ስፒከሩንና ካሜራውን የሚያሠሩት ፕሮግራሞች፣ የተጻፉት ለስልክ ሲስተም ነው። ዴስክቶፑ ቋንቋቸውን አይሰማም። ስለዚህ መሀል ገብቶ የሚያግባባ ኮምፓቲቢሊቲ ሌየር ያስፈልጋል።

እሱን ሌየር ዛሬ ጠዋት አፕዴት አደረግሁት።

ዛሬ! ሦስት ሽማግሌዎች ሌዊስቪል ከተማ ሄደው ፍቅረኛዬን ሜሮንን ከአባቷ በሚጠይቁልኝ ቀን!

እኔ ከቤቱ ራቅ ብዬ መኪና ውስጥ "ግባ" እስክባል እጠብቃለሁ። ስልኩ ጭጭ። ኤሲው እየነፈሰብኝ በላብ ተጠመቅሁ። "በቃ፣ እምቢ ብለዋል" አልኩ።

ለካ አባቷ "መጀመሪያ ልጁ ይምጣና ልየው" ብለው ኖሯል። ለካ አምስት ጊዜ ተደውሏል! አፕዴቱ ድምፁን ገድሎታል፤ ስክሪኑም እንደጠቆረ ቀርቷል።

የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ታደሰ ደግሞ "እሺ ሳንባል አንቀመጥም" ብለው በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ቆመዋል። ሃያ ደቂቃ ሙሉ!

በመጨረሻ ሜሮን ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች መጣችና መስኮቱን ደበደበችው።

"አንተ! ማይንዱን ቼንጅ አድርጎ ሄዷል እየተባልክ እኮ ነው! ፎንህን ለምን ፒክ አፕ አታደርግም?"

በረርኩ። አባቷ ገና ጎንበስ ስል "ስልክ የማታነሳው ለምንድን ነው?" አሉኝ።

ውሸት እንኳ አልመጣልኝም። ስለ ሌየሩ አስረዳሁ። "ልክ እንደ ሽማግሌ ነው ጋሼ፤ የማይግባቡትን ያግባባል" ብዬ ጨረስኩ።

ሜሮን ዓይኗን ጨፈነች። አባቷ ጋሽ ታደሰን አዩ፣ ስልኩን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ሽማግሌዎቹስ ሥራቸውን ሠርተዋል" አሉ። "ዲዳ የሆነው ሙሽራው ነው።"

ከዚያ ሳቁ።

"በሉ ተቀመጡ።"

ተቀመጡ አሉ! እሺ አሉ ማለት ነው! ጋሽ ታደሰ ሶፋው ላይ ወድቀው "እፎይ" ሲሉ፣ እኔ ከእሳቸው ብሼ እንባዬ መጣ።

አሁን ደህና ስልክ ገዝቻለሁ። ሜሮን በየአሥር ደቂቃው እየደወለች "ይጮኻል?" ትለኛለች። ይጮኻል፣ የኔ እመቤት!

የአሮጌው ካሜራ ግን ገና አልሠራልኝም። አንዲት ትንሽ አፕዴት ብቻ ነው የቀረችው... እስከ ሠርጉ ባልነካት ይሻላል፣ አይደል?