ፀሐይ የፈረደችባት ድመት

በአፏ ሰው የምትሰቅል ጓደኛ የለቻችሁም? እኔ አለችኝ። ፀሐይ ትባላለች፤ እዚህ ዓረብ አገር፣ ዴር ግባር በሚባል ሰፈር፣ እኔ በቤት ሠራተኝነት ከምሠራበት በታች ባለው ፎቅ ትሠራለች። በኮሮና ጊዜ ከቤት መውጣት ሲከለከል የምንገናኘው ጣሪያው ላይ ልብስ ስናሰጣ ነበር። ችሎቷም እዚያው ነው። ማስኩን አገጩ ላይ ያንጠለጠለ? «ይሰቀል!» የታጠበ ወለል የረገጠ የማዳም ወንድም? «ይሰቀል!» ይግባኝ ብሎ ነገር የለም።

ታዲያ ሁዳዴን ሙሉ ጾማ ለፋሲካ ያዘጋጀቻትን ዶሮ የሰፈር ድመት በላችባት። ፀሐይ የልብስ ገመድ ይዛ «ትሰቀል!» አለች። ድመቷ እርጉዝ ናት፤ በሕግ እርጉዝ እንደማይሰቀል ለዳኛዋ ማን ይንገራት?

ዘዴውን ያመጣችው የጎረቤት ቤት ሠራተኛ የሆነችው ዘይነብ ናት። አሠሪዋ ልጁ የተገደለበት አባት ነው። ሽማግሌዎች ሞት ለተፈረደበት ገዳይ ምሕረት ሊለምኑት መጥተው፣ እንደ አገሩ ባህል «እሺ ካላልከን ቡናህን አንቀምስም» ሲሉት አይታለች። አባትየው አልቅሶ «ጠጡ» ሲል የገዳዩ ነፍስ ተረፈች።

እኛም ፀሐይ ከፔርሙዝ የቀዳችልንን ቡና ሳንቀምስ አስቀመጥነው።

«ምነው?»

«ለድመቷ ሽማግሌ ሆነን ነው የመጣነው። ካልማርሻት አንጠጣም» አለች ዘይነብ።

ፀሐይ ጮኸች፣ ተራገመች። ቡናው ሲቀዘቅዝ ማየት ግን ከዶሮዋ ባሰባት። «በሉ ጠጡ! ምሬያታለሁ!»

ከሳምንታት በኋላ አንድ አገር የሞት ቅጣትን ጨርሶ አስቀረ የሚል ዜና ከስልኬ አነበብኩላት። ለአራሷ ድመት ወተት እየቀዳች ነበር። ቀና ብላ፣

«እነሱንስ ቡናችሁን አንጠጣም ያላቸው ማነው?» አለችኝ።