«መጽሐፉ ይሻላል» ባዩ አባት

በየዘመዱ አንድ አይጠፋም፤ ምንም ዓይነት ታሪክ ብታመጡለት ገና ሳትጨርሱ «መጽሐፉ ይሻላል» የሚል ሰው። ፊልሙን አላየውም። መጽሐፉንም ምናልባት አላነበበውም። ጎረቤቱ የእግሩን መሰበር ቢያወራለት እንኳ በልቡ «መጽሐፉ ይሻል ነበር» ሳይል አይቀርም።

የአንዲት ቪዲዮ ጌም ሠሪ አባት የእነዚህ ሰዎች አለቃ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ማተሚያ ቤት ውስጥ በአራሚነት የጨረሱት እኚህ ክቡር ሰው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ቀይ እስክሪብቷቸውን ከደረት ኪሳቸው አላወጡም። የሳሙና ማሸጊያ ያርማሉ። የሠርግ ጥሪ ሲደርሳቸው አርመው ለሙሽራው ይመልሳሉ። ትንፍሽ የማይሉት ሚስታቸው ስለሞተችበት ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። የዚያን ዕለት መድኃኒት ሊገዙላት ወጥተው፣ ከአንዱ ፋርማሲ ወደ ሌላው ሲንከራተቱ ቆይተው ሲመለሱ በሕይወት አላገኟትም። ልጃቸው ይህን ባነሳች ቁጥር ጋዜጣቸውን ፊታቸው ላይ ከፍ ያደርጋሉ።

ልጅቷም በአፍ ያልሆነላትን በጽሑፍ ልሞክረው ብላ ልብ ወለድ ጻፈች። ፋርማሲ ወረፋ ላይ የቆመው ባል የሚያስበውን፣ የሚፈራውን፣ ለራሱ የሚዋሸውን ሁሉ ዘረዘረችው። አባት አንብበው ሲመልሱላት ወረቀቱ ቀልቶ ነበር።

«ነጠላ ሰረዝ ትወጃለሽ» አሏት።

«ታሪኩስ፣ አባዬ?»

«ሰውየው ሐሳብ ያበዛል።»

ሐሳብ ከበዛ ብላ ከአንዲት ሠዓሊ ጓደኛዋ ጋር ያንኑ ታሪክ በተከታታይ ሥዕሎች የሚተረክ ኮሚክ አደረገችው። በአንዱ ሳጥን ባልየው ደረጃ ሲወርድ ይታያል፤ በሚቀጥለው ባዶ አልጋ። አባት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አገላበጡት።

«በዚህና በዚህ መካከል ምን ሆነ?»

«ሞተች።»

«የታለ?»

«መካከሉ ላይ ያለው ነጭ ቦታ ነው። እሱን አንባቢው ራሱ ይሞላዋል።»

አባት ነጩን ቦታ ብዙ አዩት። ከዚያ «መጽሐፉ ይሻላል» ብለው ዘጉት። ያንኑ በቀይ እስክሪብቶ ያቀሉትን መጽሐፍ ማለታቸው ነው።

እሷም እጇን ሰጠች። ታሪኩን ለመጨረሻ ጊዜ ጌም ያደረገችው እልኋን ለመወጣት እንጂ ለሳቸው ብላ አልነበረም። አንድ እሁድ ሳሎን ውስጥ በቲቪ ስትሞክረው ግን አባት መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ሰውየው ለምን ተገተረ?»

«አንተ ውሰደው እንጂ። ይኸው መቆጣጠሪያው።»

«እኔ ነኝ እንዴ ደራሲው?»

ቢሆንም ተቀበሏት። ባልየውን ከግድግዳ ጋር ሲያላትሙት ቆይተው ቀስ በቀስ ለመዱት። ደረጃውን አወረዱት፣ መድኃኒቱን አስገዙት፣ እያሯሯጡ መለሱት። ሲደርስ ሴትየዋ ሞታለች። ልጅቷ የተለመደችውን ዓረፍተ ነገር ጠበቀች። አባት ግን መቆጣጠሪያውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣

«ዘገየሁ» አሉ።

በልብ ወለዱም፣ በኮሚኩም የዘገየው «ሰውየው» ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቁርሳቸውን ቀምሰው ቲቪው ፊት ቁጭ ነው። በጓሮ በር ሞከሩ፤ በአቋራጭ ሞከሩ። ጋዜጣው ሳይገለጥ ይውላል። ባልየው ሁልጊዜ ይሮጣል፣ ሁልጊዜ ይዘገያል። በመጨረሻ ልጅቷ መጥታ አጠገባቸው ቆመች።

«አባዬ፣ በየትም ብትሄድ አይደረስም። የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ መቆጣጠሪያውን ለምን ሰጠሽኝ?»

መጽሐፍ ቢሆን ጥፋቱ የደራሲው ነበር፤ አንባቢው አልቅሶ ገጹን ይገልጣል። እሷ ግን የገዛ አባቷን እንደ አዲስ ፋርማሲ ለፋርማሲ ስታንከራትት ሰነበተች። ሌሊቱን አልተኛችም። በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ጌሙን ልታጠፋው ቆርጣ ገባች።

ቲቪው በርቷል። ባልየው አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የትም አልወጣም። ወንበሩን ያስቀመጠችው ክፍሉ ኦና እንዳይመስል ብላ ነበር፤ እዚያ ለሚቀመጥ ሰው አንድ ቃል አልጻፈችም፣ ሙዚቃም አላበጀችም። የሚሰማው የሴትየዋ ትንፋሽ ብቻ ነው።

«አልሄድክም?»

«አልሄድኩም።»

«መሞቷ እኮ አይቀርም፣ አባዬ።»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። «ነይ፣ ተቀመጪ።»

ቦርሳዋን ሳታወርድ ጎናቸው ተቀመጠች። ሴትየዋ እስክትሞት ድረስ አንዳቸውም አልተነሡም።